ጀማሪዎች «ሚ» እና «ሂም» ላይ የሚሰናከሉት ለምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ መድረኩ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ለጀማሪ አዋቂዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። መልሶቹ በዝተው ክሩ (የጥያቄውና የመልሶቹ ተከታታይ) ስለረዘመ፣ አዲስ ለሚመጣ ሰው እንዲመች በተራ ቁጥራቸው አሳጥሬ አስቀምጫቸዋለሁ። የማንንም ጽሑፍ እንዳለ አልገለበጥኩም። ፍሬ ሐሳቡን በራሴ አነጋገር ነው የማወራው። መሀል መሀል ላይ የኔንም አስተያየት ጨምሬበታለሁ።

የመነሻ ጽሑፍ

ተማሪዎቼ የእንግሊዝኛ ተውላጠ ስሞችን ሠንጠረዥ በቃላቸው ያውቁታል። «አይ» ሲሆን «ሚ»፣ «ሂ» ሲሆን «ሂም»፣ «ሺ» ሲሆን «ኸር»፣ «ዊ» ሲሆን «አስ»፣ «ዜይ» ሲሆን «ዜም»። ስጠይቃቸው የሚሳሳት የለም። ማውራት ሲጀምሩ ግን «ሂ ኮልድ አይ» ይላሉ። «ጊቭ ሂ ዘ ቡክ» ይላሉ። አንዳንዱ ደግሞ ቃሉን በትክክል ይመርጥና ቦታውን ይስታል፤ «ሂ ሚ ኮልድ» ብሎ ያርፋል።

የኔ ግምት እንዲህ ነው። አማርኛ ተሳቢውን፣ ማለትም ድርጊቱ የሚያርፍበትን፣ ከግሱ ጭራ ጋር ያያይዘዋል። «ጠራኝ» ስንል ጠሪውም ተጠሪውም አንድ ቃል ውስጥ ናቸው። «ጠራችኝ»፣ «ጠራሁት»፣ «ጠሩን»፣ «ጠራኋቸው» ሁሉም እንደዚያው። «እኔን» ብለን ለብቻው የምናወጣው ነገሩን ማጉላት ስንፈልግ ነው። እንግሊዝኛ ላይ ግን «ሚ» ሁልጊዜ ራሱን ችሎ፣ ከግሱ ኋላ መቆም አለበት። ስለዚህ ሠንጠረዡን ለጊዜው ትቶ ከግሱ መነሳት ይሻላል ባይ ነኝ። «ጠራኝ»ን ፈታትቶ «ሂ ኮልድ ሚ» ማድረግ። «ጠራችኝ»ን ፈታትቶ «ሺ ኮልድ ሚ» ማድረግ። እንዲህ አድርጎ የሞከረ አለ? ለኔ ያልታየኝ እንቅፋትስ ይኖር ይሆን?

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ ለረጅም ጊዜ ያስተማረ ሰው ነው። ሰላምታ ሰጥቶ በጨዋነት ነው የጀመረው። በሐሳቡ ይስማማል። ሠንጠረዥ ቃሉን ያሳውቃል እንጂ አፍ ላይ አያመጣውም ይላል። ከዚያ ጠቃሚ ነገር ጨመረ። «ዩ» እና «ኢት» ባለቤት ሲሆኑም ተሳቢ ሲሆኑም መልካቸው ያው ነው። ስለዚህ ሰባቱንም ጥንድ ጀማሪው ላይ መጫን ለምን ያስፈልጋል? የሚለወጡት አምስት ብቻ ናቸው። እሱ መጀመሪያ ላይ አምስቱን ይዞ ይሠራል። ሁለቱ በራሳቸው ጊዜ ይመጣሉ። «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እናንተ» እና «እርስዎ» በአንድ «ዩ» መጠቅለላቸው ግን ተማሪውን ስለሚያደናግረው፣ ይሄን ቀድሞ መንገር ደግ ነው ብሏል።

መልስ 2

ሁለተኛዋ ራሷ ተማሪ ናት። ግሱ ላይ ብዙም አልቸገራትም። የሚያስቸግራት ከመስተዋድድ በኋላ ነው፤ እንደ «ዊዝ» እና «ፎር» ካሉ ቃላት ኋላ ማለት ነው። «ዊዝ አይ» ትላለች፣ «ፎር ሂ» ትላለች። መምህሯ ሲያርማት ምክንያቱን አልነገራትም። እሷ ግን ራሷ ደረሰችበት። አማርኛ «ከእኔ ጋር»፣ «ለእሱ»፣ «ስለ እነሱ» ሲል ተውላጠ ስሙ ምንም አይለወጥም። ያው «እኔ»፣ ያው «እሱ» ነው። «እኔን» ላይ ያለችው «ን» እዚህ የለችም። ስለዚህ አእምሮዋ «እኔ» ማለት «አይ» ነው ብሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ይቺ መልስ በጣም ነው ደስ ያሰኘችኝ። የግሱን ጭራ መፍታት ብቻ ይሄን ስህተት አያርምም። እንግሊዝኛ ላይ ሁለት ቦታ አለ ማለት ነው፤ ከግስ ኋላ እና ከመስተዋድድ ኋላ። ሁለቱም ላይ «ሚ» ነው የሚመጣው። ሁለተኛውን ቦታ ለብቻው ማለማመድ ያስፈልጋል።

መልስ 3

አጭር ነው። ይሄ ሁሉ ትንታኔ ጀማሪን ያስፈራል፣ ቃሉን ያጥና፣ ያውራ፣ በቃ። ሰዋስው የሚወዱ መምህራን ናቸው ነገር የሚያወሳስቡት ብሎ ሄደ።

መልስ 4

ለ3 የተሰጠ መልስ ነው። ያውራ ማለቱ ልክ ነው፣ ግን ምን ብሎ ያውራ ስትል ትጠይቃለች። እሷ የምታደርገው ተማሪው ፈጣን ጥያቄዎችን እንዲመልስ ነው። ዱ ዩ ኖው ሂም? የስ፣ አይ ኖው ሂም። ዱ ዩ ኖው ኸር? ዱ ዩ ኖው ዜም? ጥያቄው ውስጥ ያለው ቃል መልሱ ውስጥ ይደገማል። ተማሪው ሠንጠረዥ ለማሰብ ጊዜ አያገኝም። ከዚያ ወደ ከባዱ ትሄዳለች። ዱ ዩ ኖው ሚ? ብላ ስትጠይቅ መልሱ መገልበጥ አለበት፤ የስ፣ አይ ኖው ዩ። እዚህች ላይ ነው ሁሉም የሚደናቀፈው ትላለች። እውነቷን ነው። «ሚ» ከጠያቂው አፍ ወጥቶ «ዩ» ሆኖ መመለስ አለበት። ይሄ መገልበጥ ከሠንጠረዥ አይገኝም።

መልስ 5

ከክሩ ሁሉ ብዙ ሰው ያነበበው ይሄ ነው። ጸሐፊው እንግሊዝኛ መማር በጀመረበት ሰሞን ውጭ አገር ላለ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጓደኛው መልእክት ይልካል። «ናፈቅከኝ» ማለት ፈልጎ «ዩ ሚስ ሚ» ብሎ ጻፈ። በሱ ቤት ልክ ነው። «ናፈቅከኝ» ውስጥ ባለቤቱ አንተ ነህ፣ ተሳቢው እኔ ነኝ። ቃል በቃል አስቀመጠው። ጓደኛው ያነበበው ግን የተገላቢጦሹን ነው፤ እኔ ናፍቄሃለሁ እንዳለው ነው የገባው። ደጋግሞ ሲልክለት ጓደኛው ቅር ብሎት ምን ማለትህ ነው ብሎ ጠየቀው። ነገሩ የተፈታው ስልክ ተደዋውለው ነው።

ከዚህ ተነስቶ ሰውዬው ሰፋ ያለ ነገር ጻፈ። አማርኛ ውስጥ ስሜት የሚሰማው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተሳቢ ነው። ራበኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ፣ ገባኝ፣ ጠፋኝ፣ ቸገረኝ፣ ደስ አለኝ። ሁሉም «ኝ» አላቸው። «አለኝ» ራሱ «ኝ» አለው። እንግሊዝኛ ግን ያንን ሰው ባለቤት ያደርገዋል። አይ አም ሃንግሪ። አይ አም ኮልድ። አይ አንደርስታንድ። አይ ሃቭ። ስለዚህ «ኝ»ን ባየ ቁጥር «ሚ» የሚል ተማሪ እዚህ ገደል ይገባል። እኔን በስሜ ጠርቶ፣ ያንተ ዘዴ ለ«ጠራኝ» ይሠራል፣ ለ«በረደኝ» ግን አይሠራም ብሎኛል።

እኔም እንደማየው የክሩ ዋና ነገር ይሄ ነው። ተማሪው «ኝ» ስላለ ብቻ መቸኮል የለበትም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማን ነው አድራጊው ብሎ ነው። «ጠራኝ» ላይ ጠሪ አለ፣ በእጅ የሚጠቆም ሰው ነው። «በረደኝ» ላይ አብራጁ ማን ነው? የለም። አድራጊ ከሌለ «አይ» ብለህ ጀምር። ይህቺን ጥያቄ አሁን ከሁሉም በፊት አስተምራታለሁ። ለ«ናፈቅከኝ» ግን አትበቃም። እዚያ ላይ «አንተ» የሚባል ሰው አለና። ስለዚህ «አይ ሚስ ዩ»ን እንደ አንድ ሙሉ አባባል ማስያዝ ይሻላል።

መልስ 6

ለ5 የቀረበ እርማት ነው። ትሁት ግን ጥብቅ። ስሜት ሁሉ ወደ «አይ» ይዞራል ማለት አይቻልም ትላለች። «ገረመኝ» ስንል ያስገረመው ነገር አለ፤ ኢት ሰርፕራይዝድ ሚ ይባላል። «አስፈራኝ»፣ «አናደደኝ»፣ «አሳቀኝ» ሁሉም እንግሊዝኛ ላይም «ሚ» ይይዛሉ። «መሰለኝ» ደግሞ ሁለቱንም መንገድ ይፈቅዳል። አይ ቲንክ ማለትም ይቻላል፣ ኢት ሲምስ ቱ ሚ ማለትም ይቻላል። ስለዚህ ሕግ ከመደንገግ ይልቅ ግሶቹን በሁለት ጎራ ከፍሎ ማጥናት ይሻላል። ጸሐፊው (መልስ 5) ወዲያው ተስማምቶ አመሰገናት።

መልስ 7

ሌላ አስተማሪ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ችግሩ መጉደል ብቻ ሳይሆን መትረፍም ነው ይላል። አማርኛ «መጽሐፉን አነበብኩት» ሲል ተሳቢውን ሁለቴ ነው የሚጠራው፤ አንዴ «መጽሐፉን» ብሎ፣ አንዴ ጭራው ላይ «ት» ብሎ። ተማሪው ያንን «ት» መጣል ይከብደዋል። ስለዚህ «አይ ሬድ ዘ ቡክ ኢት» ይላል። ይባስ ብሎ «ያነበብኩት መጽሐፍ» ለማለት «ዘ ቡክ ዛት አይ ሬድ ኢት» ይላል። እንግሊዝኛ ስሙን ከጠራ ተውላጠ ስሙን አይጠራም። አንዱን መምረጥ ነው።

ደግሞ ተቃራኒው አለ። አየኸው ወይ ተብለን «አላየሁም» ብንል አማርኛ አይቆጣንም። እንግሊዝኛ ግን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ከጀመርክ «አይ ዲድንት ሲ ሂም» ብለህ እንድትጨርስ ይፈልጋል። ወደድከው ወይ ለሚል ጥያቄም «የስ፣ አይ ላይክ» ብሎ ማቆም አይቻልም። «ኢት» ትጨመራለች። እኔ የዚህን ሰው መልስ አትሜ ተማሪዎቼ ፊት አስቀምጬዋለሁ።

መልስ 8

ቁልፉ የት አለ ተብሎ «አይ ሎስት ሂም» ያለ ተማሪ ገጥሟት ነው የጻፈችው። አማርኛ ዕቃን ሁሉ ወንድ ወይም ሴት ያደርጋል። ቁልፉ ጠፋ፣ መኪናዋ ቆመች፣ ፀሐይ ወጣች እንላለን። እንግሊዝኛ ግን ለዕቃ «ኢት» ነው የሚለው። ብዙ ከሆኑ «ዜም»። ቁልፎቹ ጠፉ ከሆነ «አይ ሎስት ዜም» ነው። «ዜም» ለሰው ብቻ የሚመስለው ተማሪ እንዳለም ታስታውሳለች።

መልስ 9

እዚህ ወሬው ትንሽ ሾለከ። መርከብን «ሺ» እና «ኸር» ማለት የቆየ ልማድ እንደሆነ፣ የቤት እንስሳም ባለቤቱ ሲናገር «ሂም» ወይም «ኸር» እንደሚባል አንዱ ጻፈ። ጾታው ያልታወቀ ሕፃንን «ኢት» ማለት ይቻላል አይቻልም የሚል ጭቅጭቅም ተከተለ። ይቻላል፤ ግን የሕፃኑ እናት ፊት እንዳትሉት።

መልስ 10

ይሄን ስህተት ሌላ ቦታ ሲነሳ አላየሁም። ጸሐፊዋ ስለ አባቷ ለሥራ ባልደረቦቿ ስታወራ «አይ ሶው ዜም» አለች። «አየኋቸው» ማለቷ ነበር። ባልደረባዋ ስንት ሰዎች ነበሩ ብሎ ጠየቃት። አማርኛ ላይ ለአንድ የተከበረ ሰው የሚነገረው «አቸው» እና ለብዙ ሰዎች የሚነገረው «አቸው» አንድ ነው። እንግሊዝኛ ለአክብሮት የተለየ ተሳቢ የለውም። አባትም፣ ዳኛም፣ የስምንት ዓመት ልጅም «ሂም» ነው። እሷን የከበዳት ሰዋስው አልነበረም። አባቷን «ሂም» ማለት ድፍረት መስሏት ነበር። ብዙ ተማሪ ይሄ ስሜት አለበትና፣ አክብሮቱ በሌላ መንገድ እንደሚገለጽ ቀድሞ ማስረዳት ያስፈልጋል። በድምፅ፣ በማዕረግ፣ «ሰር» በማለት።

መልስ 11

ጸሐፊው 10ን ይቃወማል። አሁን እንግሊዝኛ «ዜም»ን ለአንድ ሰውም ይጠቀማል፤ ስለዚህ ስህተት የለውም ብሎ ቁርጥ ባለ ቃል ደመደመ።

መልስ 12

መላሿ ተበሳጭታለች። አንዱን ከሌላው አታምታታ ትለዋለች። ሰው ከደወለ የለሁም በሉት ስንል፣ ማን እንደሚደውል ስለማናውቅ «ቴል ዜም» እንላለን። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል። ራሱ በ«ዜይ» መጠራት የሚመርጥ ሰውም አለ። ነገር ግን በስም የሚታወቅን አባት ለማክበር ሲባል «ዜም» የሚል እንግሊዝኛ ተናጋሪ የለም። ሰሚው ብዙ ሰው ይጠብቃል። ትምህርቱም መሆን ያለበት ሰሚው ምን ይረዳል የሚለው ነው። ጠንከር አድርጋ ብትናገርም በዚህ ጉዳይ ከሷ ጋር ነኝ።

መልስ 13

ከዚህ በኋላ ነው ክሩ የሞቀው። አንድ ሰው መጥቶ እስካሁን የተጻፈውን ሁሉ ናቀው። በር ሲንኳኳ ማን ነው ቢባል «ኢትስ ሚ» ብሎ የሚመልስ ሰው እንግሊዝኛ አልተማረም ይላል። ትክክሉ «ኢት ኢዝ አይ» ነው። ከ«ኢዝ» በኋላ የሚመጣው ባለቤት እንጂ ተሳቢ አይደለምና። መምህራን ይህን ካላስተማሩ ትውልድ እያበላሹ ነው እስከማለት ደረሰ።

መልስ 14

መላሿ ሦስት መስመር ብቻ ነው የጻፈችው፣ ሦስቱም ስለታም ናቸው። እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር ብዙ ዓመት ኖራለች። በር አንኳኩቶ «ኢት ኢዝ አይ» ያለ ሰው ሰምታ አታውቅም። ጀማሪን እንደዚያ ብሎ ማስተማር ለመሳቂያነት አሳልፎ መስጠት ነው ትላለች።

መልስ 15

ታሪክ የሚወድ ሰው ገባ፤ ነገሩን ረጋ አድርጎ አስረዳ። 13 የጠቀሰው ሕግ ከላቲን ሰዋስው ጋር የሚስማማ ነው። የ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝኛ ሰዋስው ጸሐፊዎች ላቲንን እንደ መለኪያ ይወስዱት ነበር። እንግሊዝኛ ራሱ ግን ሌላ መንገድ ሄዷል። ዛሬ ባለቤት አድርገን የምንጠቀምበት «ዩ» ድሮ ተሳቢ ነበር። ባለቤቱ «ዪ» ነበር። ወደ 17ኛው ክፍለ ዘመን ሲደረስ ተሳቢው «ዩ» የባለቤቱን ቦታ ወስዶ ጨርሷል። «ዜይ» እና «ዜም» ደግሞ ከስካንዲኔቪያ ከመጡ ሰፋሪዎች ቋንቋ የገቡ ናቸው። እንግሊዝኛው የራሱ «ሄም» የሚል ተሳቢ ነበረው። ዛሬ በፍጥነት ሲነገር የምንሰማት «ኤም» ከዚያች ከጥንቷ የቀረች ናት። ብዙ ሰው «ዜም» ተቆርጣ የቀረች ይመስለዋል። ስለዚህ ተሳቢ የባለቤት ቦታ ያዘ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ቋንቋው ይሄን ከድሮም ያደርገው ነበር።

መልስ 16

13 ተመልሶ መጣ፤ ተቆጥቷል። እንዲህ ከሆነ «ሚ ኤንድ ማይ ፍሬንድ ሶው ሂም» ማለትም ትክክል ሊሆን ነው? ሁሉን ነገር ይቻላል ካላችሁ ምን ልታስተምሩ ነው የተቀመጣችሁት? አንድ ሁለት ያልተገቡ ቃላትም ነበሩ፤ እነሱን እዚህ አላነሳም። ጥያቄው ግን ተገቢ ነው። መልስ ይገባዋል።

መልስ 17

መልሱን የሰጠችው ያቺ የ6 ጸሐፊ ናት። ጠቡን ትታ ወደ ዘዴው ሄደች። ሁለት ሰዎች በ«ኤንድ» ሲያያዙ ጓደኛውን ለጊዜው አውጡት። «ሂ ኮልድ ማይ ፍሬንድ ኤንድ…» ላይ ጓደኛው ሲወጣ የሚቀረው «ሂ ኮልድ ሚ» ነው፤ ስለዚህ «ማይ ፍሬንድ ኤንድ ሚ»። ባለቤት ቦታ ላይ ደግሞ ጓደኛው ሲወጣ «አይ ሶው ሂም» ይቀራል፤ ስለዚህ በጽሑፍና በፈተና «ማይ ፍሬንድ ኤንድ አይ»። በንግግር «ሚ ኤንድ ማይ ፍሬንድ» የሚሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ብዙ ናቸው። ጀማሪው ሲሰማው እንዲገባው እንጂ ሲጽፍ እንዲጠቀምበት አትመክርም።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመረች። ጥንቃቄ ሲበዛ ሌላ ስህተት ይወልዳል። «አይ» የተሻለ እንግሊዝኛ ነው ተብሎ የተነገረው ሰው «ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ» ማለት ይጀምራል። «ቢትዊን» መስተዋድድ ነው፤ የሚከተለው «ሚ» ነው። ይሄን ስህተት እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎችም ይሳሳቱታል።

መልስ 18

ይሄ የኔ ነው። ክርክሩ ጀማሪውን እየረሳ ስለመጣ ወደሱ ልመልሰው ፈለግኩ። «ኢትስ ሚ» አስተምሩ፤ የሚነገረው እሱ ነው። «ኢት ኢዝ አይ»ን ተማሪው አንድ ቀን አሮጌ ጽሑፍ ላይ ሲያገኘው ይነገረዋል። አሁን የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነው። ጠብቀኝ፣ ስማኝ፣ እየኝ። ሦስቱም አማርኛ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው፤ «ኝ» ብቻ ነው ያላቸው። እንግሊዝኛ ላይ ግን መሀል ላይ መስተዋድድ ይገባል። ዌይት ፎር ሚ። ሊስን ቱ ሚ። ሉክ አት ሚ። «ዌይት ሚ» የሚል ተማሪ ቃሉን አልሳተም፤ የጎደለችው «ፎር» ናት። ተቃራኒውም አለ። «አገባችው» ለማለት «ሺ ሜሪድ ዊዝ ሂም» ይላሉ፤ «ሺ ሜሪድ ሂም» ይበቃል።

መልስ 19

18ን ተከትሎ አንድ ተማሪ የራሱን ነገረን። ሥራ ላይ አለቃው አንድ ነገር እንዲያስረዳው ፈልጎ «ኤክስፕሌን ሚ» አለ። «አስረዳኝ» ማለቱ ነበር። አለቃው ትንሽ ዝም ብሎ፣ ስለ አንተ ነው የማስረዳው ሲል ጠየቀው። «ኤክስፕሌን ኢት ቱ ሚ» መሆን ነበረበት። «ቴል ሚ» ትክክል ሆኖ «ሴይ ሚ» ስህተት የሆነው ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም ይላል። «ነገረኝ»ም «አለኝ»ም አማርኛ ላይ «ኝ» አላቸው።

መለስኩለት። «ቴል» ከኋላው ሰሚውን ይፈልጋል። «ሴይ» የተባለውን ነገር ነው የሚፈልገው፤ ሰሚው ከመጣ በ«ቱ» ነው። «ኤክስፕሌን»ም ከ«ሴይ» ጋር ነው የሚሄደው፤ የሚብራራውን ነገር ያስቀድማል። «ጊቭ»፣ «ሾው» እና «ሴንድ» ደግሞ ከ«ቴል» ጋር ይሄዳሉ፤ «ጊቭ ሚ»፣ «ሾው ሚ»፣ «ሴንድ ሚ»።

መልስ 20

መላሹ እስካሁን ሁሉም ስለ መናገር ነው የጻፈው፣ ስለ መስማትስ ይላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሲያወሩ «ሂም» የምትለዋ ቃል ጥርት ብላ አትሰማም። «ቴል ሂም» የሚለው «ቴሊም» ሆኖ ይመጣል። «አስክ ኸር» «አስከር» ይሆናል። «ጊቭ ዜም» «ጊቨም» ይሆናል። ተሳቢ ተውላጠ ስም በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ብዙ ጊዜ ድምፁ የሚጫንበት ቃል አይደለም። «ህ» ትጠፋለች፣ አናባቢው ይደክማል። ጎልቶ የሚነገረው ሌላውን ሳይሆን እሱን ለማለት ሲፈለግ ብቻ ነው።

ይሄን ሳነብ ገባኝ። ጀማሪው «ሂም»ን በጽሑፍ አይቶ እንጂ በጆሮው ሰምቶ አያውቅም። ያልሰማውን ደግሞ አይናገረውም። አማርኛ ተናጋሪ ግን እዚህ ላይ ጥቅም አለው። «ቴሊም» ብሎ ግሱን ከተሳቢው ጋር አጣብቆ መስማት ለሱ አዲስ አይደለም፤ «ነገረው» ብሎ ያደገ ሰው ነው። ጭራ ይሰማል። መስማት ላይ ሲሆን የግሱን ጭራ መንገድ ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ።

መልስ 21

የትኛው የስልክ መተግበሪያ እንደሚሻል ጠየቀ። ሦስት አራት ሰው ተሻማበት። ከጉዳያችን ጋር ስለማይገናኝ አልፌዋለሁ።

መልስ 22

የ2 ጸሐፊ ተመለሰች። ከመስተዋድድ በኋላ ያለውን ተለማምዳ «ዊዝ ሚ» አሁን ሳታስብ እንደሚመጣላት ጻፈች። የቀራት አንድ ጥያቄ ነው። መብራቱን አጥፋው ለማለት «ተርን ኦፍ ኢት» ብላ ታረመች። «ተርን ኢት ኦፍ» ተባለች። «ሉክ አት ሚ» ላይ ግን «ሚ» መጨረሻ ነው። ታዲያ አንዱ መሀል፣ አንዱ መጨረሻ የሆነው ለምንድን ነው?

መልስ 23

የመለሰላት የ1 ጸሐፊ ነው። «ተርን ኦፍ» ላይ ያለችው «ኦፍ» የግሱ ክፋይ ናት። ስም ከሆነ ሁለቱም ይቻላል፤ «ተርን ኦፍ ዘ ላይት» እና «ተርን ዘ ላይት ኦፍ»። ተውላጠ ስም ከሆነ ግን መሀል መግባቱ ግዴታ ነው። «ፒክ ኢት አፕ»፣ «ፑት ኢት ኦን» እንደዚያው ናቸው። «ሉክ አት» ላይ ያለችው «አት» ግን መስተዋድድ ናት፤ ተሳቢዋን ከኋላዋ ታስከትላለች። በዓይን አይቶ መለየት ለጀማሪ ከባድ ነው። ስለዚህ አዲስ ግስ ደብተርሽ ላይ ስትጽፊ ብቻውን አትጻፊው፤ ከ«ኢት» ጋር ጻፊው አላት። «ተርን ኢት ኦፍ»። «ሉክ አት ኢት»። «ዌይት ፎር ኢት»። «ኤክስፕሌን ኢት»። ቦታውንም፣ መስተዋድዱንም አንድ ላይ ትይዥዋለሽ።

እሷም በዚያው ቀን ከደብተሯ ያወጣችውን ዝርዝር ለጠፈች፤ አንድ ሁለቱን አረምንላት። ተማሪዎቼም አሁን ደብተራቸውን እንደዚህ እንዲይዙ አድርጌያለሁ። ክሩ ክፍት ነው፤ ጥያቄ ያለው 24 ብሎ ይቀጥል።